መምጫህ ገና ነው

ከማስታወሻ ደብተሬ፤ ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዛሬ ቢያዝን ከመተማ ገብቶ የራሴን ለቅሶ አወራልኝ። ሻዩን እየጠጣ፣ የገበያ ወሬ እንደሚያወራ አድርጎ ነው የነገረኝ። ዳሱ ሰፊ ነበር አለ። ለቀስተኛ ከሦስት አጥቢያ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የሻው ሳይቀር ነጠላውን አዘቅዝቆ ከሽማግሎቹ ጋር ሲያለቅስ ዋለ። እናቴ ፊቷን ነጭታለች።

ነገሩን ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ባለፈው የካቲት ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ያለው የሌጦና የሰም መደብሬ ታሸገ፤ ስሜ ከኢኮኖሚ አሻጥረኞች ጋር ተነበበ፤ እኔም በአርማጭሆ በኩል ወደ ሱዳን ወረድሁ። ድብ ባሕር ያሉትን እናቴንና የአክስቴን ልጅ ባንቺአየሁን በየሳምንቱ እየጠሩ "የት ደበቃችሁት?" ይሏቸው ጀመር። ስለዚህ በቅሎ ነጂውን ቢያዝንን "መተማ ላይ ንዳድ ገደለው በል" ብዬ ላክሁት። ደገኛ ቆላ ወርዶ በንዳድ ቢሞት ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንዳሰብሁትም ጥያቄው ቆመ።

እውነቱን ባንቺአየሁ ታውቃለች፤ የነፍስ አባታችን ቄስ ክንዱም ያውቃሉ። እናቴ አታውቅም። መዋሸት አትችልበትም፤ ለቅሶዋ የእውነት ካልሆነ የሻውን ማታለል አይቻልም ነበር። አካሄዱ ትክክል ነው፤ ዛሬም ቢሆን ሌላ መንገድ አይታየኝም። ቢያዝን ስለ ፊቷ ሲነግረኝ ግን ሻዬን አልጨረስሁትም።

ለባንቺአየሁ የምጽፈውን ግልባጭ እዚህ አኖራለሁ፤ የእሷንም ሲመጣ እንዲሁ። ደብዳቤው የሚሄደው በበቅሎው ኮርቻ ውስጥ ተሰፍቶ ስለሆነ በግልጽ መጻፍ ይቻላል።


ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1971

ይድረስ ለእህቴ ለባንቺአየሁ፤ የቀዬአችን ታቦት አንቺንም ልጆችሽንም ከክፉ ቀን ይጋርድልኝ።

እኔ ጤና ነኝ። ናፍቆቱን አልጽፈውም፤ ደብዳቤው ይከብድና የቢያዝንን በቅሎ ያጎብጣል። በለቅሶዬ ለደከማችሁት እግዜር ይስጥልኝ። ለራሱ ለቅሶ ምስጋና የላከ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

ሥራ ይዣለሁ። ይህ የሰሊጥ አገር ነው። ነጋዴው ሁሉ ሰሊጡን ከነአፈሩ፣ ከነገለባው ይሸጣል። እኔ ከአገር የመጡ ሴቶችን ቀጥሬ አስነፍቼና አስበጥሬ ንጹሑን ብቻ ለወደብ ነጋዴዎች አቀርባለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን የእኔን ጆንያ ሳይፈቱ ይገዛሉ። ጎንደርም የገባሁት ሌጦ ተሸክሜ ነበርና ከታች መጀመር አዲሴ አይደለም።

ቢያዝን ከቆላ ጥቂት ጊደር እየነዳ ይመጣል። ማክሰኝት ሸጦ ብሩን ይሰጥሻል። ለሚጠይቅሽ ሰው የእማን ከብት ሸጥን በይ።

ስለ እማ ጻፊልኝ። ትበላለች? ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች? ከማን ጋር ትጫወታለች? ትንሽ ትንሹን አትለፊብኝ።

ወንድምሽ ዓለምነው


ድብ ባሕር፣ ጥር 12 ቀን 1971

ለአያ ዓለምነው ቢሻው፤ ሰላመ እግዚአብሔር ካሉበት ይድረስዎ፤ የአባቶቻችን አምላክ ከቆላው በሽታ ይሰውርዎ።

ደብዳቤዎ ኅዳር ላይ ደረሰኝ። መልሱ የዘገየው ጸሐፊ አጥቼ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህን የሚጽፉልኝ ቄስ ክንዱ ናቸው፤ እሳቸውም እህል እስኪገባ ፋታ አላገኙም።

እማ ደኅና ናት። ላሞቹ ደኅና ናቸው። ዘንድሮ ገብሱ ሸጋ ነው። ልጄ ብርቄ ስምንት ዓመት ሞላት።

የአርባው ተዝካርዎ በሸጋ ወጣ። አንድ ነገር ብቻ አስጨንቆን ነበር። ቄስ ክንዱ በሕያው ሰው ላይ የሙታን ጸሎት አልጸልይም ብለው እንቢ አሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንሁ። (እኔ ክንዱ ነኝ። እንቢ ማለቴ ልክ ነበር። በቁም ያለን ሰው ነፍሱን ማሰናበት አይገባም፤ አንተም ብትሆን አትወደውም።) በኋላ መላ መቱ። መደብርዎ ውስጥ ጭነት ይጭንልዎ የነበረው፣ ዘመድ ያልነበረው፣ ጎንደር የሞተው ሰውዬ ትዝ ይልዎ ይሆናል። ተዝካር ያወጣለት የለም። የክርስትና ስሙ ሐብተ ማርያም ነበርና ጸሎቱ ለእሱ ተደረገ። ሰዉ የእርስዎ መስሎት በልቶ ጠጥቶ ሄደ፤ ሐብተ ማርያምም ቆይቶም ቢሆን ተዝካሩ ወጣለት። (ለሁለቱም በጎ ሆነ። ክንዱ።)

ለእማ አንድ ብርድ ልብስ ቢልኩልኝ። ሌላ ምንም አንፈልግም።

እህትዎ ባንቺአየሁ


ገዳሪፍ፣ ግንቦት 20 ቀን 1971

ለእህቴ ለባንቺአየሁ፤ ደብዳቤሽን ያመጣልኝ አምላክ አንቺን ደግሞ በጤና ያቆይልኝ።

ብርድ ልብሱ ከቢያዝን ጋር ነው። ሁለት ነው፤ አንዱ የአንቺ።

ቄስ ክንዱን አከብራለሁ፤ ውለታቸውም አለብኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን የማየው እሳቸውን ነው። እማ ደኅና ናት፣ ላሞቹ ደኅና ናቸው፣ ገብሱ ሸጋ ነው አልሽኝ። እማንም ላሞቹንም ባንድ ቃል አለፍሻቸው። ቄሱ ፊት የማይነገር ነገር እንዳለ ገባኝ።

እኔ ፊደል የለየሁት በሃያ ዓመቴ ነው። ጎንደር ውስጥ ከአንድ ነጋዴ ቤት ጨው ስጭን፣ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ሕፃን ልጁ ሲያነብ ሰማሁና አፈርሁ። ስድስት ወር ያህል ጆንያ እያነበብሁ ተማርሁ። "ጨው" ከሚለው ቃል ነው የጀመርሁት። በሬዲዮ እንደሰማሁት ለአዋቂ ሰው ትምህርት ሊሰጥ ነው ይባላል። እውነት ከሆነ ግቢ። በራስሽ እጅ ጻፊልኝ።

ዓለምነው


ድብ ባሕር፣ መጋቢት 3 ቀን 1972

ለአያ ዓለምነው፤ ይህ የእኔ እጅ ነው። አይሳቁብኝ። የሳቁብኝ እንደሆነ ቢያዝን ይነግረኛል።

ከጎንደር የመጡ ተማሪዎች ክረምቱን በማኅበሩ ጎተራ አስተማሩን። አስተማሪዬ አሥራ ስድስት ዓመት አይሞላትም፤ ስሳሳት "እማማ፣ ከራስዎ አይጨምሩ" ትለኝ ነበር። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ እማማ ሆንሁ።

አሁን ቄሱ የሉምና የእማን ልንገርዎ። ደኅና አይደለችም። ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ማኪና ከጎንደር በመጣ ቁጥር የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች። ሰዉ ሐዘኑ አዙሯት ነው ይላል። የሻው እንኳ አንድ ቀን ክንዷን ይዞ ቤት አስገብቷት ነበር፤ ተመልሳ ወጣች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ምንም ማለት አልችልም። ይህን ነበር ለቄሱ ማስጻፍ ያቃተኝ።

ሌላ ጉዳይ አለኝ። ተማሪዎቹ ሲሄዱ ጎተራው ወደ እህሉ ተመለሰ። ብርቄ ከእኔ ጋር እየመጣች ፊደሉን ጨርሳ ነበር፤ አሁን ድንጋይ ላይ በከሰል ትጽፋለች። ቅርቡ ትምህርት ቤት ደባርቅ ነው፤ ሴት ልጅ አይልኩም። ስለዚህ ለየሻው እንዲህ አልሁት። "የሟቹ ዘመዶች ትልቁን ተዝካር ልናወጣ ነው። ለድግስ የምናጠፋውን ለትምህርት ቤት ብናደርገውስ?" የሻው ደስ ብሎት ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረውም። ድግስ ጎጂ ልማድ ነው እያለ በየስብሰባው ይጮህ የለ። ለአውራጃው እጽፋለሁ አለኝ።

እንግዲህ እኔ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ቆርቆሮና ሚስማር ያስፈልገኛል።

ባንቺአየሁ


ገዳሪፍ፣ ሰኔ 16 ቀን 1972

ለእህቴ፤ እጅሽን የባረከ ይባረክ። ቢያዝን ፊት ቆሜ አላነበብሁትም፤ ጓሮ ወጥቼ ነው ያነበብሁት። አልሳቅሁም።

ቆርቆሮው ጎንደር ይገዛል፤ ገንዘቡን ቢያዝን ይዟል። መሠረቱ እስከ ጉልበት በድንጋይ ይሁን፤ ጭቃውን ዝናብ ይበላዋል። መስኮቶቹን ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት ወገን አድርጉ። ደቦ የሚወጣውን ሰው ጠላ ሳትቆጥቡ አጠጡት። ሴቶቹን ልጆች ከኋላ እንዳያስቀምጧቸው ከአስተማሪው ጋር በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሪ፤ ካለፈ በኋላ አይለወጥም። ዕድሜዬን ሙሉ የነገድሁትን ሁሉ ሰው በልቶታል ወይ ለብሶታል። ይህኛው ይቆያል።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። መንግሥት ሱዳን ላሉ ስደተኞች ምሕረት አውጇል። እዚህ አንዳንዱ እየተመዘገበ ነው። እኔም ልመዘገብ አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለእማ ንገሪያት። ልጄ ሞቷል ብላ መንገድ ዳር ተቀምጣ እኔ እዚህ ሰሊጥ ማስነፋት አልችልም።

ዓለምነው


ድብ ባሕር፣ ጥር 25 ቀን 1973

ለአያ ዓለምነው፤ ባሉበት ጤና ይስጥልኝ። ሰባት ወር ዘገየሁብዎ። መልሱን ስለማያውቁት ሳይሆን ስለሚያውቁት ነው የዘገየሁ።

ምሕረቱ ለሕያዋን ነው። ለሞተ ሰው ምሕረት አልታወጀም። እርስዎ ከመዝገቡ ቢገቡ የሻው ለቀስተኛ ሆኖ ያለቀሰው በማን ላይ ነበር? ቄስ ክንዱ ምን ይሉታል? ቢያዝንስ? እኔስ? ትምህርት ቤቱ በሕይወት ባለ አሻጥረኛ ገንዘብ ተሠራ ተብሎ ይዘጋል። ሞተ በሉልኝ ብለው ሲልኩ የሞቱት ብቻዎን አይደለም፤ እኛም አብረን ገብተንበታል።

ለእማም አልነገርኋትም። ደስታ ይደበቃል እንዴ? አንድ ቀን ሳቅ ብላ ብትታይ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ሁለት ክፍል ነው። መቶ አራት ልጆች ገቡ፤ ሠላሳ አንዱ ሴቶች ናቸው፤ ከፊት ነው የተቀመጡት። አውራጃው የራሱን ስም ሰጥቶት ሰሌዳ ተተከለ። ሰው ግን "ተዝካሩ" ነው የሚለው። "ልጅሽ የት ናት?" ሲሉኝ "ተዝካር ሄደች" እላለሁ። ብርቄ ትናንት ሮጣ እየገባች "ተዝካር ላይ ማባዛት ጀመርን" አለች። የሻው በምርቃቱ ቀን "ሟቹ በሕይወቱ ሕዝብ ቢበዘብዝም በሞቱ ክሷል" ብሎ ተናገረ። ሳቄን በነጠላ ሸፈንሁ፤ ሰው ያለቀስሁ መስሎት አጽናናኝ።

ጠመኔና ለሰሌዳ የሚሆን ጥቁር ቀለም ቢልኩልን።

እማ ደኅና ናት።

ባንቺአየሁ


ገዳሪፍ፣ የካቲት 30 ቀን 1973

ለባንቺአየሁ፤ ጠመኔውና ቀለሙ ተልኳል።

ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። አንድም የምጥለው ቃል አጣሁበት። ለዚህ ነው የተናደድሁት።

"እማ ደኅና ናት" የምትይውን ከእንግዲህ አትጻፊልኝ። እውነቱን ካልሆነ ዝም በይ።

ዓለምነው


ከማስታወሻ ደብተሬ፤ ነሐሴ 1973

ዝም አለች። ቢያዝን ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ጠመኔ፣ ደብተር፣ የአግዳሚ ወንበር ሚስማር ወሰደ። አንድም ጊዜ ኮርቻው ውስጥ ደብዳቤ አልነበረም። ሁለተኛ መጋዘን ከፍቻለሁ። ከወደብ የመጡት ሰዎች ስለ ዘንድሮው ሰሊጥ ሲያናግሩኝ እኔ ሦስተኛው ክፍል ምን ያህል ቆርቆሮ እንደሚፈልግ አስብ ነበር። ቢያዝንን "እናቴን አየሃት?" አልሁት። "ሟች፣ እኔ በዚያ ሳልፍ ዓይኔን በቅሎዋ ላይ ነው የማደርገው" አለኝ። መርዶዬን ካደረሰ ጀምሮ ሟች ነው የሚለኝ።


ድብ ባሕር፣ ሰኔ 8 ቀን 1974

ለአያ ዓለምነው፤ እንዳዘዙኝ ዝም ብዬ ነበር። አሁን የምጽፈው እውነት አለኝ። ተቀምጠው ያንብቡት።

በፋሲካ ማግስት የዱሮ ደብዳቤዎን አውጥቼ ደጃፍ ላይ አነባለሁ። እማ ምስር ትለቅማለች። ቀና ሳትል "ምን ይላል?" አለችኝ።

"ማን?" አልሁ።

"ልጄ ነዋ።"

ደብዳቤውን አጠፍሁት። የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ነው ልል ነበር፤ አላስጨረሰችኝም።

"የአርባው ዕለት ክንዱ 'ሐብተ ማርያም' እያለ ሲጸልይ ሰማሁ" አለችኝ። "እኔ ልጄን ክርስትና ያስነሣሁት ወልደ ሩፋኤል ብዬ ነው። ቄስ ስም ቢሳሳት አንድ ጊዜ ነው። እሱ ሰባት ጊዜ ጠራው። ክንዱ አውቆ የሌላ ሰው ስም ከጠራ፣ ልጄ አልሞተም ማለት ነው።"

አያ፣ እኔና ቄሱ ስለ ነፍስዎ ስንጨነቅ ስሙን ያወጣችው ሴት ከዳሱ ውጭ መቀመጧን ረስተናል።

"ምነው እማ፣ ይህን ያህል ዓመት ዝም አልሽ?" አልኋት።

"ማወቄን ቢያውቁ ኖሮ መንገድ ዳር ያስቀምጡኝ ነበር? ሐዘን ያዞራት አሮጊት መሰልኋቸውና ተዉኝ። እኔ ልጄን እየጠበቅሁ ነበር።" ከዚያ ምስሩን እያበጠረች "ፊቴን የነጨሁት ግን ከአርባው በፊት ነው፤ ያ የእውነት ነበር" አለችኝ።  እኔም ይቅር በይኝ ማለት አልቻልሁም።

ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ላነብላት ጀመርሁ። በሦስተኛው ላይ አስቆመችኝ። "አንቺ የምትዘልያቸው አሉ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለእማ ንገሪያት ያሉበትን ዘልዬ ነበር። በማግስቱ ተዝካር ገባች። ከሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች የሚሰጠው ትምህርት ላይ፣ በስድሳ ስምንት ዓመቷ። የሻው በስብሰባ ላይ ስሟን ጠርቶ አስጨበጨበላት። ለምን እንደምትማር ሲጠይቋት "ዳዊት ላነብ" ትላለች። ብርቄ ጠዋት የተማረችውን ማታ ታስጠናታለች፤ ትጨቃጨቃለችም። "እማማ፣ የዚህን እግር ወዴት አዞርሽው?" ትላታለች።

አሁንም ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች። ደብተር ይዛ ነው።

እርሳስ ይላኩልን። ብዙ እርሳስ ትጨርሳለች፤ ጫን ብላ ነው የምትጽፈው።

ባንቺአየሁ


ከማስታወሻ ደብተሬ፤ ገዳሪፍ፣ ኅዳር 19 ቀን 1975

ከሰባት ቀን በፊት አንድ የደብተር ቅጠል መጣልኝ። እርሳሱ ወረቀቱን ሁለት ቦታ በስቶታል። ሙሉው ይኸው ነው።

"ልጄ ዓለምነው። እኔ እናትህ ነኝ። ጤና ነኝ። መምጫህ ገና ነው። እናኑ።"

ለገና ጠርታኛለች። ሰባት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብሁም። መጋዘኖቹን ለአስነፊዎቹ አለቃ ለአልማዝ አስረከብሁ። እንዳልታወቅ ጢሜን አልተላጨሁም። ጋቢ ገዛሁ። ምን ብዬ ደጃፏ እንደምቆም አስቤ አንድም ጥሩ ቃል አላገኘሁም።


ከማስታወሻ ደብተሬ፤ ገዳሪፍ፣ ጥር 2 ቀን 1975

ታኅሣሥ 17 መተማ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ከቢያዝን ጋር ተገናኘን፤ እሱ ከደጋ እየወረደ፣ እኔ ልወጣ ስል።

"ሟች፣ ወዴት ነው?"

"አገሬ። እናቴ ለገና ጠርታኛለች።" ወረቀቱን አሳየሁት። እሱ አያነብምና አነበብሁለት። አንድ ጊዜ ሰማኝና ድገመው አለኝ። ደገምሁት።

"ባንቺአየሁ እንዲህ አላለችኝም" አለ። ኮርቻውን ተርትሮ ደብዳቤ አወጣ።

"አያ ዓለምነው፤ በእግዚአብሔር ስም እለምንዎታለሁ። እማ የጻፈችልዎን ወረቀት ከተላከ በኋላ ነው ያሰብሁበት። ገና ስትል ጊዜው አልደረሰም ማለቷ ነው፤ አላልተው ያንብቡት። በዓሉ እንዳይመስልዎ። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ከፍቷል። ብርቄ አንደኛ ወጥታለች። ይህን ሁሉ አቁሞ የያዘው የእርስዎ አለመኖር ነው። አደራ። ባንቺአየሁ።"

የእናቴን ቅጠል እንደገና አየሁት። ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ቆይ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። እኔ ሌላ ንባብ እንዳለው እንኳ አልጠረጠርሁም ነበር። ሰሊጥ ሳይነፋ አልሸጥም እያልሁ ሌላውን ስሰድብ የኖርሁት ሰውዬ አንዲት ቃል ሳልነፋ ዋጥሁ።

"ምን ታደርጋለህ?" አለኝ ቢያዝን።

"እናቴ አጠገብ ያለችው ባንቺአየሁ ናት። እሷ ታውቃለች" አልሁት።

"እሷ የምታውቀው ሌላ፣ አንተ የምትፈልገው ሌላ" አለኝ።  ሦስት ቀን መተማ ተቀመጥሁ። በአራተኛው ቀን አንድ መስመር ጽፌ ሰጠሁት፤ "እንዳልሽው ይሁን፤ እማን አደራ።" ከዚያ ወደ ገዳሪፍ ተመለስሁ። ገናን በመንገድ ላይ ዋልሁ።


ድብ ባሕር፣ ጥር 22 ቀን 1975

ልጄ ዓለምነው፤ እመቤቴ ካለህበት ትጠብቅህ። እኔ እናትህ ነኝ። ይህን ለመጻፍ አምስት ቀን ፈጀብኝ።

የገና ዕለት መንገዱ ዳር ዋልሁ። ከጎንደር አራት ማኪና መጣ። ከአራቱም ሰው ወረደ። አንተ አልነበርህም።

ገና ያልሁህ በዓሉን ነው። የሻው ለገና ደባርቅ አማቶቹ ዘንድ ይውላል። ሌላው ሰው ጨዋታ ሜዳ ይወርዳል። አስቤ ነው የጻፍሁልህ። አንዲት ፊደል ብቻ ረሳሁ። መምጫህ ለገና ነው ማለት ነበረብኝ። ለ ቀረችብኝ።

ባንቺአየሁ ያለችህን ነገረችኝ። አልቅሳ ነገረችኝ። አልዋሸችህም። እንደ ፍርሃቷ አነበበችው። የልጆች እናት ናት፤ አልተቀየምኋትም።

አንተን ተቀይሜሃለሁ። እኔ በስተርጅና ፊደል የቆጠርሁት በእኔና በአንተ መካከል ሌላ አንባቢ እንዳይገባ ነበር። አንተ የእኔን ወረቀት በእጅህ ይዘህ የሌላ ሰው አመንህ።

ስለ ትምህርት ቤቱ አትፍራ። የየሻው ሦስት ልጆች እዚያ ይማራሉ። ትንሹ ከእኔ ይሻላል፤ ትልቁ ከእኔ ያንሳል። የገዛ ልጆቹን ከክፍል አስወጥቶ ቤቱን የሚዘጋ አባት አይደለም። ቢያውቅም ያላወቀ ይመስላል። እኔ አራት ዓመት አስመስዬ የለ።

በሕማማት ሳምንት ከቆላ ፍየል የሚነዱ ነጋዴዎች በዚህ ያልፋሉ። ብዙ ናቸው። አንድ ቢጨመር የሚቆጥር የለም። እኔ ፍየል ልገዛ እወጣለሁ።

ፋሲካ ቢያጠብቁትም ቢያላሉትም ያው ፋሲካ ነው። ለፋሲካ ና።

እናኑ


ከማስታወሻ ደብተሬ፤ ገዳሪፍ፣ መጋቢት 2 ቀን 1975

ፍየል ነግጄ አላውቅም። ዛሬ ሠላሳ ገዛሁ።